ፊት ለፊት ወይስ በቪዲዮ? ሥራ ፈላጊን ስለ መመዘን

ሰው ለሥራ ሲያመለክት የትምህርት ማስረጃውን ብቻ ሳይሆን ራሱንም ለሌሎች ፍርድ ያቀርባል። በግማሽ ሰዓት ቃለ መጠይቅ የሚደረስበት ውሳኔ የአንድን ቤተሰብ እንጀራ ሊወስን ይችላል። እንግዲህ ቃለ መጠይቁ ፊት ለፊት መሆኑ እየቀረ በቪዲዮ መካሄድ ሲጀምር፣ ልንጠይቅ የሚገባን «የትኛው ይቀላል?» ብለን ሳይሆን «የትኛው ፍትሓዊ ነው?» ብለን ነው።

ብዙዎቻችን ሰውን ለማወቅ በአካል ማየት ይበቃል ብለን እናምናለን። «ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል» ይባል የለምን? ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ፍርድ ምን ያህል ይታመናል? እ.ኤ.አ. በ1979 በሂውስተን የሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ተማሪዎቹን በቃለ መጠይቅ መርጦ ካበቃ በኋላ፣ የግዛቱ ምክር ቤት 50 ተማሪዎች እንዲጨምር አዘዘው። ትምህርት ቤቱም ቀድሞ ዝቅተኛ ደረጃ ሰጥቶ ካስቀራቸው መካከል ተቀበለ። ኋላ የሁለቱ ወገኖች ውጤት ሲነጻጸር በትምህርትም ሆነ በሕክምና ልምምድ የጎላ ልዩነት አልተገኘባቸውም። ጠያቂዎቹ አየነው ያሉት ልዩነት በሥራው ላይ አልታየም።

ይህ ማለት ግን ቪዲዮ ይሻላል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ፣ የብዙ ጥናቶችን ውጤት ያጠቃለለ ሥራ እንዳሳየው፣ በቴክኖሎጂ አማካይነት የተጠየቁ አመልካቾች በአካል ከቀረቡት ያነሰ ነጥብ አግኝተዋል። እንደዚሁም እ.ኤ.አ. በ2023 የእንግሊዙ የደርሃም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዳረጋገጡት፣ ከጀርባው መጽሐፍ ወይም አትክልት የሚታይ ሰው ይበልጥ የሚታመንና ችሎታ ያለው መስሎ ይገመታል። ታዲያ በጠባብ ክፍል የሚኖረው ወጣት፣ መብራት ሲጠፋ ወይም መስመሩ ሲቆራረጥ ንግግሩ የሚሰናከልበት አመልካች፣ የሚመዘነው በችሎታው ነውን ወይስ በድህነቱ?

ከዚህ የባሰም አለ። አንዳንድ ድርጅቶች ጠያቂ ሳይኖር አመልካቹ ብቻውን እንዲናገር አድርገው፣ የቀረጹትን በኮምፒዩተር ያስመዝናሉ። በዚህ ሥራ የታወቀው የአሜሪካው ሃየርቪው የፊትን ገጽታ መመርመር ማቆሙን ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በጥር 2021 ነው። በአውሮፓ ኅብረትም ከየካቲት 2025 ጀምሮ በሥራ ቦታ የሰውን ስሜት ከፊቱና ከድምፁ በመሣሪያ መገመት፣ ለሕክምናና ለደኅንነት ካልሆነ በቀር፣ በሕግ ተከልክሏል። ሰው ራሱን ለፍርድ ሲያቀርብ የሚሰማው ሰው ሊኖር ይገባልና፣ ክልከላው ተገቢ ነው።

ይህም ሆኖ ቪዲዮን ጨርሶ መንቀፍ ሌላ በደል ይሆናል። ከጋምቤላ ወይም ከጂንካ አዲስ አበባ ድረስ ለአንድ ቃለ መጠይቅ የሚመጣ ሰው የመጓጓዣና የማደሪያ ወጪ አለበት። ለእርሱ፣ እንዲሁም ልጅ ለምታጠባ እናትና መንቀሳቀስ ለሚቸግረው ወገን፣ «በአካል ካልቀረብህ» ማለት በሩን መዝጋት ነው።

ስለዚህ ፍትሕ የሚገኘው ከመሣሪያው ሳይሆን ከመዛኙ ጥንቃቄ ነው። ጥያቄዎቹ ከሥራው የመነጩና ለሁሉም አንድ ዓይነት ይሁኑ፤ የመልሱ መመዘኛ አስቀድሞ ይጻፍ፤ አንዱን በአካል ሌላውን በቪዲዮ ጠይቆ ማወዳደር ይቅር፤ መስመሩ ቢቋረጥም ሁለተኛ ዕድል ይሰጥ። መምህር ሲፈለግ ጥቂት ደቂቃ እንዲያስተምር ማድረግ ስለ ራሱ እንዲናገር ከማድረግ ይልቅ ይገልጠዋል።

ውድ አንባብያን፣ በየሰበካው ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ሠራተኛ ለመምረጥ የምንቀመጥ ጥቂት አይደለንም። በአጭር ጊዜ የሰውን ልብ አነበብሁ ከሚል ድፍረት እንጠበቅ። ያልመረጥነውም ሰው መልሱን በጊዜው፣ ከነምክንያቱና በአክብሮት ሊሰማ ይገባዋል፤ ይህን ያህሉን በአካል ለቀረበውም በቪዲዮ ለተጠየቀውም እኩል ልንሰጠው እንችላለን።