ያልጠጣሁት ውኃ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንዲት እኅታችን መስቀል ተሳልማ አልሄድ አለች። «አባቴ፣ ይፍቱኝ፤ አሠሪዬን ጠላኋት» አለችኝ። በምትሠራበት ቤት የእርሷ ብርጭቆና ሳህን ለብቻው ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ነው የሚቀመጠው። ለምዳዋለች። በዚያ ሳምንት ግን ያሳደገችው ትንሹ ልጅ ውኃ ቀድቶ በቤተሰቡ ብርጭቆ አቀበላት፤ ጠጣች። እናቱ አይታ ብርጭቆውን አንሥታ ቆሻሻ ውስጥ ጣለችው። ምንም አልተናገረችም፤ ጣለችው ብቻ። ይህን እንዳነሣው ፈቅዳልኝ ነው የምጽፈው። ብዙዎቻችሁ «የእኔ ታሪክ ነው» እንደምትሉም አውቃለሁ።

የማጽናኛ ቃል ተናግሬ፣ ጸልየን ተለያየን። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ያ ብርጭቆ ወደ ጣና ዳር መለሰኝ።

የቅኔ ተማሪ ሳለሁ ሦስት ሆነን፣ ደበሎ ለብሰን፣ አኩፋዳ አንግበን ወደ አንዱ የጣና ገዳም ለመሻገር ሐይቁ ዳር ደረስን። ወሩ ሚያዝያ ነው፤ ፀሐዩ ያቃጥላል። አንድ ሰው ደንገል እያሰረ ታንኳ ይሠራል። የሚያሻግረን ሌላ አልነበረምና ለመንነው፤ እሺ አለ። ሚስቱ መንገደኛ መሆናችንን አይታ በቅል ውኃ ይዛ መጣች። ጓደኞቼ ዞር አሉ። ወይጦ ናቸው። እኔ ደግሞ ጨዋ ልምሰል ብዬ «ጾም ነኝ» አልኋት።

በዓለ ሃምሳ ነበር። በበዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ሰውዬው እስላም ቢሆንም የአገሩ ሰው ነውና ይህን ያውቃል። ቀና ብሎ አየኝ፣ ፈገግ አለ፣ ወደ ሥራው ተመለሰ። በእጁ በሠራው ታንኳ፣ በእጁ እየቀዘፈ አሻገረን። መሐል ሐይቅ ላይ ስንደርስ ጥሙ ስለጠናብኝ ጎንበስ ብዬ በእፍኜ ጨልፌ ጠጣሁ። ሴትዮዋ የቀዳችው ከዚያው ሐይቅ ነው! በእኔ ዘንድ የረከሰው እንግዲህ ውኃው አልነበረም፤ የነካው እጅ ነው።

ስለ እነዚህ ሰዎች ለማታውቁ ጥቂት ልበል። ነገደ ወይጦ ከጣና ዙሪያ ቀደምት ነዋሪዎች መካከል የሚቆጠሩ ናቸው። ሐይቁ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ነው፤ እነርሱ የኖሩት ከዳሩ ነው፦ ጉማሬ እያደኑ፣ ዓሣ እያጠመዱ፣ ደንገል እያጨዱ፣ የወፍጮ ድንጋይ እየጠረቡ። የራሳቸው ቋንቋ ነበራቸው ይባላል፤ ጠፍቶ ዛሬ አፍ መፍቻቸው አማርኛ ነው። ብዙ ገዳማውያን፣ ብዙ ተማሪዎች፣ ብዙ ተሳላሚዎች በታንኳ ተሻግረዋል። እናቶቻችን እህል የፈጩበት ድንጋይ የማን እጅ የጠረበው እንደሆነ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው። ከአንድ ማዕድ አልቆረስንም። እስልምናን ቢቀበሉም እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድነት ሸሻቸው። በሌላ ሁሉ የማይስማሙ ሰዎች ሰውን በመናቅ ሲስማሙ ማየት ያስገርማል።

ምክንያቱ ምን ነበር? «ጉማሬ ይበላሉ» ነው። እዚህ ላይ ጠንቀቅ ብለን እንይ። ጉማሬ አያመሰኳምና በሥርዓታችን አይበላም፤ ይህ የታወቀ ነው፤ እኔም አልበላም። ነገር ግን እንስሳን አለመብላትና ሰውን ርኩስ ማለት አንድ ናቸውን? ቅዱስ ጴጥሮስ በኢዮጴ ከሰማይ የወረደውን ሸማና በውስጡ ያሉትን እንስሳት ካየ በኋላ ወደ ቆርኔሌዎስ ቤት ሲገባ ራእዩን ራሱ ተርጉሞታል። የተረጎመውም በምግብ አይደለም፣ በሰው ነው፤ ማንንም ሰው ርኩስ እንዳይል እግዚአብሔር እንዳሳየው ነገራቸው። እኛ ከሥርዓቱ የሚቀለውን ይዘን የሚከብደውን ተውን። ከሥጋው መከልከል ቀላል ነው፤ ሥጋው አይከፋውም። ደግሞም የጉማሬ አደኑ ዛሬ ቀርቷል ማለት ይቻላል። ምክንያቱ ሄደ፣ ንቀቱ ቀረ። ይህም ምክንያቱ መጀመሪያውኑ ሰበብ እንደነበረ ያሳያል።

ጌታችን በያዕቆብ ጉድጓድ አጠገብ ያደረገውን አስቡ። ለሳምራዊቷ ሴት የሕይወትን ውኃ ሊሰጣት ይችል ነበር፤ ሰጣትም። በመጀመሪያ ግን እርሱ ለመናት። አይሁድ ከሳምራውያን ጋር በአንድ ዕቃ የማይጠጡ ሆነው ሳለ ከእርሷ መቅጃ ሊጠጣ ጠየቀ። እኛ «እናክብራቸው» ስንባል ቶሎ የሚታየን ልብስ ሰብስቦ መላክ ነው። ልብሱ ደግ ነገር ነው፤ ግን ንቀት ከምጽዋት ጋር አብሮ መኖር ይችላል። ያቺ የእኅታችን አሠሪ እኮ በየበዓሉ ልብስ ትሰጣታለች። በላዔ ሰብእን እንኳ የእመቤታችን አማላጅነት ያገኘው ለአንድ ቁስለኛ በሰጠው ጥርኝ ውኃ ነው እያልን በተአምረ ማርያም እንሰማለን። የሰጠው እንዲህ ከዳነ፣ ከድኃ እጅ መቀበል እምቢ ያለው ምን ይሆን?

አንዳንዱ «ነባር ሕዝብ» የሚለውን ቃል ሲሰማ ይፈራል፤ ፍርሃቱም አለምክንያት አይደለም። በአገራችን «ነባር» እና «መጤ» እየተባለ ስንት ቤት ተቃጥሏል፣ ስንት ሰው ተፈናቅሏል። እኔ የምለው ያንን አይደለም። ቀድሞ የነበረውን ማክበር በኋላ የመጣውን ማሳደድ አይደለም፤ እኛ ራሳችን በሰው አገር ያለን ነን። የተባበሩት መንግሥታት ዓለም ነባር ሕዝቦችን የሚያስብበትን ቀን በነሐሴ 3 አድርጎታል፤ ከፍልሰታ ሱባኤያችን ጋር ይገጥማል። እኔ የወደድሁት መግጠሙን ነው እንጂ ቀኑ ብቻውን ምንም አያደርግም።

ከዚህ ሆናችሁ ምን ማድረግ እንደምትችሉ ልንገራችሁ። ብዙዎቻችሁ ለፍታችሁ ባሕር ዳርና በዙሪያዋ ቦታ ለመግዛት ትቆጥባላችሁ። ከተማዋ ስታድግ የሐይቁ ዳር ለሆቴልም ለቤትም ተፈለገ፤ ደንገሉ ተመናመነ፣ በዚያ ላይ እንቦጭ መጣ፤ የይዞታ ካርታ በእጁ የሌለው ወይጦ ደግሞ ወደ ኋላ ተገፋ። እንግዲህ ወንድማችሁ ደውሎ «ሐይቁ ዳር ርካሽ ቦታ ተገኘ» ሲላችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ ማን ነበረበት? ተስማምቶ፣ ዋጋውን ተቀብሎ ነው የለቀቀው? አክዓብ የናቡቴን የወይን ቦታ የፈለገው ለአትክልት ነበር፤ ፍላጎቱ ክፉ አይመስልም። ናቡቴ የአባቶቹን ርስት አልሰጥም ስላለ ደም ፈሰሰበት። ኤልዛቤል ደብዳቤውን የጻፈችው ከሩቅ ሆና መሆኑንም አትርሱ። ብር ከሩቅ የሚልክ ሰው ደብዳቤ እንደሚጽፍ ነው።

ሌላው ቀላል ነው፣ ግን ልጆቻችሁን ለአያት ሰጥታችሁ ለመጣችሁ ከባድ ነው። በስልክ ስታወሩ ልጁ ሰውን በወይጦ፣ በሸክላ ሠሪ፣ በፋቂ ስም ሲሳደብ ብትሰሙ «ተው ልጄ» በሉት። ስትታረሙት ለምን እንደሆነም ንገሩት፦ «እኔም እዚህ ብርጭቆዬ ለብቻው ነው» በሉት። ይህን ለልጅ መናገር ያሳፍራል፤ አውቃለሁ። እኔም ይህን ስጽፍ አፍሬያለሁ።

ያቺ እኅታችን ከነገረችኝ በኋላ ባሕር ዳር ላለ አንድ የጉባኤ ቤት ወንድሜ ደወልሁ። ያንን ሰው ወይም ሚስቱን ፈልግልኝ፣ ይቅርታ የምጠይቀው ነገር አለ አልሁት። «ስሙ ማን ነው?» አለኝ። ታንኳ ሲያስር እጁን አስታውሳለሁ፣ ፈገግታውን አስታውሳለሁ። ስሙን አልጠየቅሁትም ነበር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።