ጊንጡና ማርሚታው

ጊንጡን የገዛሁት ሶማሌ ተራ ነው። ከክብሪት ሳጥን ትንሽ የምታንስ፣ በቢጫና ቀይ ጋሻ ላይ ጥቁር ጊንጥ የተሳለባት ባጅ ናት። ሻጩ «ኦሪጅናል ነው» አለኝ። ኦሪጅናል አለመሆኑን እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ተሳሳቅንና ሂሳቤን ከፍዬ ወጣሁ። እስከዚህ ድረስ ማንም ማንንም አላታለለም።

ባጁ የተገዛው ለአባቴ ሴይቼንቶ ነው። ለማታውቋት፣ ፊያት 600 ማለት እ.ኤ.አ. በ1955 የወጣች፣ ሞተሯን ከኋላ የተሸከመች፣ አንድ ዘመን አዲስ አበባን ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ በታክሲነት ያመላለሰች ትንሽዬ መኪና ናት። አባቴ ሲሞት የተወልን ቅርስ እሷ ብቻ ነበረች። ማርሚታዋ ግን በስብሶ ስለነበር ሰፈር ያሉ አንድ አዛውንት በያጅ ከላሜራና ከቱቦ አዲስ ሠሩልኝ። ጥቁር ቀለም ቀቡት፣ ጫፉ ላይ ሁለት የሚያብለጨልጩ ቧንቧዎች አወጡለት። ድምፁ ወፍራም፣ ደስ የሚል ነው። እኔም አየሁትና «ይሄ ነገርማ አባርት ይመስላል» ብዬ ሶማሌ ተራ ሄድኩ።

መለጠፉ ራሱ ታሪክ ነበረው። መጀመሪያ በማጣበቂያ ሞከርኩ። ማርሚታ እንደ በር አይደለም፣ ይግላል፤ ሩብ ሰዓት ሳልነዳ ማጣበቂያው ለሰለሰና ጊንጡ መንገድ ላይ ወደቀ። ተመልሼ ፈልጌ አነሳሁት። ሁለተኛው ሙከራዬ ድሪል ነበር። አዎ፣ ማርሚታውን በስቼ በሁለት ብሎን አሰርኩት። ሽማግሌው ሲያዩ ጭንቅላታቸውን ያዙ። «አንተ ልጅ፣ ማርሚታ ይበሳል እንዴ? በፋሸታ ታስረው አልነበር?»

አባርት ማነው ለምትሉ፣ ካርሎ አባርት እ.ኤ.አ. በ1908 ቪየና ተወልዶ፣ በ1949 ጣሊያን ውስጥ የራሱን ድርጅት ያቋቋመ የሞተር ሰው ነው። ጊንጡ የልደት ኮከቡ ነው፣ የእኛ ኮከብ ቆጣሪዎች አቅራብ የሚሉት። የውድድር መኪና ይሠራ ነበር። ዝናውን በየመንገዱ የበተነው ግን የውድድር መኪናው ሳይሆን ለተራ ሰው ተራ ፊያት የሚገጠመው ማርሚታ ነው። (ማርሚታ የሚለውን ቃል ራሱ ያገኘነው ከጣሊያንኛ ነው፤ እዚያ ድስት ማለትም ነው።) የውድድር መኪና ለመግዛት አቅም የሌለው የቢሮ ሠራተኛ ጥቁሩን ማርሚታ ገዝቶ ሴይቼንቶው ሥር ይገጥማል፣ ድምፁ ይጎረናል፣ ጊንጡም ከኋላ ይታያል። በቃ፣ በሚቀጥለው የትራፊክ መብራት ላይ እሱም ተወዳዳሪ ነው።

ይሄን ሳውቅ የራሴ ጊንጥ ቀለለኝ። ዋናው ራሱ ግማሽ ጨዋታ ከነበረ የእኔ የጨዋታው ጨዋታ ነው። የአርሴናልን ማልያ የለበሰ የሰፈር ልጅ ለአርሴናል እጫወታለሁ አላለም። የሚወደውን ነገር ነው ደረቱ ላይ ያደረገው። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ አሳብ ተመችቶኝ ነዳሁ። አሁንም ቢሆን አሳቡ ስህተት አይመስለኝም። «ፌክ» የሚለውን ቃል እንደ ድንጋይ የሚወረውሩ ሰዎች ያሰለቹኛል፤ ድሃ ሰው የሚያምረውን ነገር ምልክት እንኳ እንዳይነካ የሚከለክል ሥነ ምግባር አይዋጥልኝም።

ነገሩ የተበላሸው ገዢ ሲመጣ ነው። የእህቴ የኮሌጅ ክፍያ ደረሰና እናቴ «መኪናዋ ትሸጥ» አለች። ፎቶ አንስቼ ላክሁ። አንድ የድሮ መኪና የሚሰበስብ ወጣት ደወለ። ስለ ሞተሩ ጠየቀ፣ ስለ ላሜራው ጠየቀ፣ ከዚያ «ማርሚታው አባርት ነው አይደል? እሱ ካለማ ስድሳ ሺህ እጨምራለሁ» አለኝ።

እኔ ምን አልኩ? ምንም። «ቅዳሜ መጥተህ እያት» አልኩት። ዝምታ ወርቅ ነው ሲባል ዋጋው በብር ተተምኖ የሚመጣ አይመስለኝም ነበር።

ሌሊቱን ከራሴ ጋር ተከራከርኩ። አልዋሸሁም። እኔ ጊንጥ ነው የለጠፍኩት፣ አባርት ነው ያለው እሱ ነው። ማየት የሱ ሥራ ነው፣ መካኒክ ይዞ ይምጣ። ይሄ ሁሉ በከፊል እውነት ነው፣ ያስጨነቀኝም ይኸው ነው። ባጁ አልተቀየረም፤ ትናንት የነበረው ጊንጥ ዛሬም ያው ጊንጥ ነው። የተቀየረው የሚያየው ሰው ነው። ከሶማሌ ተራው ሻጭ ጋር ስንሳሳቅ ሁለታችንም ጨዋታው ውስጥ ነበርን። ይሄ ልጅ ግን ጨዋታ ላይ መሆኑን አያውቅም። እሱ «ነው አይደል?» ባለባት ቅጽበት ማልያ የነበረው ነገር መታወቂያ ሆነ። በሐሰተኛ መታወቂያ ደግሞ ገንዘብ ልቀበል ነው።

ስድሳ ሺህ ብር ግን ቀልድ አይደለም። እህቴ ፊት ቁጭ ብሎ ስለ እውነት ማሰላሰል ይከብዳል። ይሄን የምጽፈው የሆነ ቅዱስ ውሳኔ ወስኛለሁ ለማለት አይደለም። ጠዋት ስነሳ ገና አልወሰንኩም ነበር፤ ወደ በያጁ የሄድኩት ዘይት ለሚያንጠባጥብ ነገር ነው።

እዚያ ግን እጃቸውን አየሁ። ቃጠሎ የበዛበት እጅ። ያንን ማርሚታ ሲሠሩ ሁለት ቀን አጎንብሰው ነበር፣ የድሮውን ቀደው የውስጡን ክፍልፋይ እየለኩ። ሰው ሁሉ «ድምፁ ሲያምር!» ሲለኝ ጊንጡን ያያል፣ እኔም «እህ» እላለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ የኚህን ሰው ሥራ ለአንድ የቪየና ተወላጅ ስሰጥ ነበር። ገዢውን ስለማታለል ስጨነቅ ይሄኛው ስርቆት ትዝም አላለኝ።

«ጋሼ፣ ባጁን ልፍታውና የርስዎን ስም እናስቀርጽበት?» አልኳቸው።

«ስሜን? ጭስ እንዲጠጣ?» ብለው ሳቁ። ከዚያ መኪናዋ ሥር ገብተው ጠሩኝ። በጀርባዬ ተንሸራትቼ ገባሁ። በማርሚታው ሆድ በኩል፣ ከመሬት በቀር ምንም በማያየው ቦታ፣ ሦስት የብየዳ ነጠብጣቦች ተደርድረዋል። «የኔ ሥራ ተመልሶ ሲመጣ የማውቀው በዚህ ነው» አሉ። «ሌላ ሰው ሠርቶት ተበላሽቶ እኔን እንዳይሰድቡኝ።»

ጊንጡን እዚያው ፈታሁት። ሁለቱን ቀዳዳዎች እየተቆጡ በየዱልኝ፣ ለዚያም አስከፈሉኝ። ለልጁ ደውዬ ማርሚታው እዚህ የተሠራ መሆኑን፣ ማን እንደሠራውም ነገርኩት። ትንሽ ዝም አለና «እሺ፣ አስቤበት እደውላለሁ» አለ።

ቅዳሜ አልፏል። እስካሁን አልደወለም። ባጁ ኪሴ ውስጥ ነው፣ መኪናዋ ግቢ ቆማለች። እናቴ በቀን ሁለቴ «ገዢው ምን አለ?» ትለኛለች።