የጎን በሩ

በደብረ ማርቆስ፣ በአጥቢያችን ግቢ፣ ከመግቢያው በስተግራ ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት አለ። ወንጌላዊያችን ከነቤተሰቡ ለዓመታት ኖሮበታል። ልጆቹ ሲያድጉ ቤቱ ጠበባቸውና ከተማ ውስጥ ተከራይተው ወጡ። ባለፈው ስብሰባ «ባዶውን ከሚቀመጥ ለሱቅ እናከራየው፤ ገቢው ለአገልግሎት ይውላል» የሚል ሐሳብ ቀረበ። እኔም ደገፍኩ። እንዲያውም የዓመቱን ኪራይ በወረቀት አስልቼ ያሳየሁት እኔ ነበርኩ። ስንወጣ አንዲት እናት በር ላይ አገኙኝ። ባለፈው ክረምት ልጃቸው ሲታመም በሌሊት ያንኳኩት ያንን ቤት ነበር። «ልጄ፣ እንግዲህ ሲጨንቀኝ የማንኳኳው የት ነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ይህ ጥያቄ በሌላ አገርም ተነሥቶ ነበር። በእንግሊዝ ገጠር፣ ፋርንቦሮ በምትባል የበርክሻየር መንደር፣ በ18ኛው መቶ ዘመን ለአጥቢያው ቄስ መኖሪያ የተሠራ ትልቅ የጡብ ቤት አለ። እ.ኤ.አ. ከ1945 እስከ 1951 የኖረበት ግን ቄስ ሳይሆን ገጣሚው ጆን ቤትጀማን ነው። በዚያ አገር እንዲህ ወደ ግል መኖሪያነት የተለወጡ ቤቶች ብዙ ናቸው። ብዙዎቹ ዛሬም «የድሮው የቄስ ቤት» ተብለው ይጠራሉ። ስሙ ቀርቷል፤ ግብሩ ሄዷል።

አሠራራቸው ለምን እንደተሠሩ ይናገራል። የፊት በሩ መካከል ላይ ነው፤ ትላልቅ መስኮቶች በግራና በቀኝ እኩል ይደረደራሉ፤ ከኋላ ወጥ ቤት፣ የሠራተኞች ክፍልና የፈረስ ጋጣ ይገኛሉ። የቄሱ ማንበቢያ ክፍል ብዙ ጊዜ ከመግቢያው አይርቅም፤ በአንዳንዶቹም የራሱ የጎን በር ነበረው። ልጅ ሊያስጠምቅ፣ ዘመድ ሊያስቀብር ወይም ችግሩን ሊያዋይ የመጣ ሰው የቤተሰቡን ሳሎን ሳያቋርጥ በዚያ ይገባ ነበር።

የቄሱ መተዳደሪያ ከገበሬው የሚሰበሰብ አሥራትና ለእርሱ የተመደበ መሬት ነበር፤ በእኛ አገር የሰሞን መሬት ይባል ከነበረው ጋር ይቀራረባል። በ20ኛው መቶ ዘመን ያ ገቢ ሳሳ። ሠራተኛ መቅጠርና ያን ሁሉ ክፍል ማሞቅ ከቄሱ አቅም በላይ ሆነ። ቤተ ክርስቲያኒቱም ብዙዎቹን ሸጠች፤ ለአገልጋዮቿም አነስ ያሉ ቤቶች አዘጋጀች። ስሌቱ ትክክል ነበር። የእኔም ስሌት ትክክል ነበር።

ትልቁ ቤት ነቀፋ አልነበረበትም አልልም። ቄሱን ከባለርስቱ ጎን ያቆመ ቤት ከጭሰኛው አርቆታል። እንዲያ ያለውን በር ለማንኳኳት የድሃ እጅ ይከብዳል። ስለዚህ ቤቱ መሸጡ ብቻውን አያሳዝነኝም። የሚያሳስበኝ የጎን በሩ ነው። ግድግዳው ሲሸጥ ዋጋ ይተመንለታል፤ በዚያ በር ይገባ የነበረው ሰው ግን በውሉ ላይ አይጻፍም።

በዚያው አገር፣ በኤፕወርዝ፣ የቄስ ሳሙኤል ዌስሊ ቤት እ.ኤ.አ. በ1709 ተቃጥሎ እንደገና በጡብ ተሠራ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቄሱ ለንደን በሰነበቱበት ወራት ባለቤታቸው ሱዛና እሑድ ማታ ለልጆቻቸው ስብከት ያነቡ ነበር። ጎረቤቶችም መጥተው ማድመጥ ጀመሩ፤ ቁጥራቸውም ወደ 200 ደረሰ። ያን ሁሉ ሰው የተቀበለው መቅደሱ ሳይሆን መኖሪያ ቤቱ ነበር።

በእኛ አገር ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ ታየ። በ1974 ዓ.ም. ደርግ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ዘግቶ ንብረቷን ወረሰ። ምእመናኑ ጥቂት ጥቂት ሆነው በየመኖሪያ ቤቱ መሰብሰብ ቀጠሉ። ስትዘጋ 5,000 ገደማ የነበሩት አባላት ደርግ በወደቀበት በ1983 ዓ.ም. ከ30,000 በላይ ሆነው ተገኙ። በእንግሊዝ የቤተ ክርስቲያን ቤት የግል ቤት ሆነ፤ እዚህ የግል ቤት ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ልዩነቱ ስሙ በካርታው ላይ የሰፈረው ሰው አይደለም፤ በሩ ለማን እንደሚከፈት ነው።

በ2ኛ ነገሥት 4 የምናገኛት የሱነም ሴት ይህን ተረድታ ነበር። ለኤልሳዕ ያዘጋጀችለት አንዲት ትንሽ ክፍል፣ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ወንበርና መቅረዝ ብቻ ነው። የሠራችውም በገዛ ቤቷ ላይ ነው። የእኛም የጎጃም ገጠር ሰው ይህን ያውቃል። መንገደኛ ከአጥር ውጭ ቆሞ «ቤቶች! የመሸበት የእግዜር እንግዳ ነኝ» ሲል፣ መደቡ ጠባብ ነው ተብሎ አይመለስም።

የተወደዳችሁ ወጣቶች፣ ስሌቴን እንደገና ሠርቼዋለሁ። በሚቀጥለው ስብሰባ የማቀርበው አንዱ ክፍል እንዲከራይ፣ ሌላው እንዲቀር ነው። ገቢው በግማሽ ይቀንሳል፤ ይህን አልደብቅም። የቀረውም ክፍል ሰው ከሌለበት ባዶ ግድግዳ ነው፤ ወንጌላዊው ደግሞ ብቻውን አይችለውም። ስለዚህ በየምሽቱ በተራ የሚያድር ሰው ያስፈልጋል። ማክሰኞን እኔ ይዣለሁ። ስድስት ምሽቶች ቀርተዋል። ከእናንተ መካከል የትኛውን የሚወስድ አለ? ነገ የየራሳችሁን ቤት ስትሠሩስ፣ ሲጨንቃቸው ለሚመጡት እናት የሚሆነው በር በፕላናችሁ ላይ የት ጋ ነው?