በጭንቅ ዘመን ስለ ልብ ዕረፍት

ዓለም በጦርነትና በረኀብ በምትናወጥበት ወቅት አንድ ሰው የዕለት ሥራውን በጥሞና ሲያከናውን፣ ልቡንም አሳርፎ ሲኖር ብናይ ምን እንላለን? ከፊላችን ጽናቱን እናደንቃለን፤ ከፊላችን ግን «ይህ ሰው የሌላው ሥቃይ አይሰማውምን?» ብለን እንታዘበዋለን። ጥያቄው ቀላል አይደለም። የመከራ ዜና በየሰዓቱ ከራዲዮና ከእጅ ስልክ በሚደርሰን በዛሬው ጊዜ፣ መምህሩ ጠመኔውን፣ ሠዓሊው ብሩሹን፣ ካድሬውም መዝገቡን ባነሳ ቁጥር «ይህ የማደርገው ነገር በዚህ ሁሉ ጥፋት ፊት ምን ይፈይዳል?» ብሎ ራሱን መጠየቁ አይቀርም።

ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመሻት የሐሳብ ክርክር ብቻውን አይበቃም። ሰዎች በእውነት የተፈተኑበትን አንድ ስፍራና አንድ ዘመን መመልከት ይበጃል። ዛሬ ሴንት ፒተርስበርግ የምትባለው፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሌኒንግራድ ትባል የነበረችው ከተማ ለዚህ ምስክር ትሆነናለች።

የናዚ ጀርመን ጦር ከተማዋን በየብስ የሚያገናኛትን መንገድ ሁሉ የዘጋው እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 8 ቀን 1941 ነበር። ከበባው ጨርሶ የተነሳው በጃንዋሪ 27 ቀን 1944 ነው። እ.ኤ.አ. በ1941 ኖቬምበር ማለቂያ ላይ ለጽሕፈት ቤት ሠራተኞች፣ ለሕፃናትና ለጥገኞች የሚታደለው ዳቦ በቀን 125 ግራም ብቻ ነበር፤ እርሱም ባዕድ ነገር የተደባለቀበት። ከበባው እስኪያበቃ ድረስ ከ600 ሺህ የሚበልጥ ሰው አለቀ፤ አብዛኛው የሞተው በረኀብ ነው።

በዚያች ከተማ መሐል የዕፅዋት ምርምር ተቋም ይገኝ ነበር። ተቋሙ ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰበ የእህል፣ የጥራጥሬና የድንች ዘር በውስጡ ይዟል። ሠራተኞቹ ስንዴና ሩዝ በየፓኬቱ ተደርድሮ በሚታይበት ክፍል ውስጥ እየተራቡ ዘሩን ከብርድ፣ ከአይጥና ከሌባ ይጠብቁ ነበር። የሩዝ ስብስብ ኃላፊ የነበረው ዲሚትሪ ኢቫኖቭ በሺህ የሚቆጠሩ የሩዝ ፓኬቶች በአጠገቡ እያሉ በረኀብ ሞተ። የለውዝ ባለሙያው አሌክሳንደር ሽቹኪንም በሥራ ገበታው ላይ ሕይወቱ አለፈ። ሌሎችም ባልደረቦቻቸው እንደዚሁ ተከተሏቸው።

እነዚህ ሰዎች ደስተኞች ነበሩ ማለት ድፍረት ይሆናል። ይሁንና በየማለዳው የሚነሡበት ምክንያት ነበራቸው። ፓኬቱን መቁጠር፣ ሙቀቱን መለካት፣ ምድጃ ማንደድ፣ ተራ ጠብቆ ማደር፤ ይህ ሁሉ ትንንሽ ሥራ ነው። ነገር ግን ትንሹ ሥራ ገና ካልተወለዱ ሰዎች ማዕድ ጋር የተያያዘ ስለ ነበር፣ ቀኑን ከባዶነት አዳነው። ከዚህ የምንረዳው፣ የልብ ዕረፍት የሚገኘው ከመከራው በመራቅ ሳይሆን በእጃችን የተሰጠ አደራ ሲኖር መሆኑን ነው።

የከተማዋ ራዲዮም የሚያስተምረን ነገር አለ። በስርጭቶች መካከል የሙዚቃ መለኪያ መሣሪያ ምት በድምፅ ማጉያዎች ይሰማ ነበር፤ ምቱ ዝግ ሲል ሰላም መሆኑን፣ ሲፋጠን ደግሞ የአየር ጥቃት መቃረቡን ያመለክታል። እ.ኤ.አ. በኦገስት 9 ቀን 1942 ደግሞ በካርል ኤሊያስበርግ መሪነት የራዲዮ ኦርኬስትራው የሾስታኮቪችን 7ኛ ሲምፎኒ አቀረበ። ከሙዚቀኞቹ ብዙዎቹ ሞተው ስለ ነበር ከጦር ሠራዊቱ መሣሪያ መጫወት የሚችሉ ሰዎች ተጠርተው ተጨመሩ። ሙዚቃው ማንንም ዳቦ አላበላም። ሆኖም በየቤቱ ብቻውን የሚሠቃየው ሰው፣ ሌሎችም በሕይወት እንዳሉና አብረውት እንደሚያዳምጡ አወቀ።

እዚህ ላይ ግን አንድ ከባድ ተቃውሞ ይነሣል። ሰው እየሞተ ዘር መጠበቅ ተገቢ ነውን? የከተማዋ ሕዝብ በከበባው መጀመሪያ 2.5 ሚሊዮን ያህል ነበር። ለእያንዳንዱ 125 ግራም ቢታደል እንኳ በቀን ከ300 ቶን በላይ ያስፈልጋል። በተቋሙ የነበረው ዘር ግን በጥቂት ቶኖች የሚቆጠር ስለ ነበር ከተማይቱን ለአንድ ቀን እንኳ ባልመገበም ነበር። ይህ ስሌት ትክክል ነው፤ ቢሆንም ክርክሩን አይዘጋውም። በዚያ ክፍል ውስጥ ለነበረው ለኢቫኖቭ ያ ዘር ሕይወቱን ባተረፈለት ነበርና።

መልሱን የአገራችንን ጉዳይ በመመልከት ልናቀርበው እንችላለን። የተቋሙ መሪ የነበረው ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 ኢትዮጵያ ድረስ መጥቶ ስንዴ፣ ገብስና ሌላም ሰብል ሰብስቧል፤ አገራችንንም ከዓለም የሰብል መገኛ ማዕከላት አንዷ አድርጎ ቆጥሯታል። በእኛም ዘንድ የዕፅዋት ዘረ መል ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1976 አዲስ አበባ ላይ ተቋቁሞ፣ በዶክተር መላኩ ወረደ መሪነት በ1980ዎቹ ድርቅ ዘመን የገበሬውን ነባር ዘር ከጥፋት ለማዳን ደክሟል። በዚያ ድርቅ ብዙ ገበሬ ለዘር ያስቀመጠውን እህል ለመብላት ተገዷል። ለልጇ ስትል የመጨረሻውን የዘር ገብስ የቆላችውን እናት ማን ሊወቅሳት ይችላል? ማንም። የሌኒንግራድ ባለሙያዎች ያስከበሯቸው በራሳቸው ላይ የወሰኑት ውሳኔ ነው። ያንኑ በሌላው ላይ ቢያውጁት ኖሮ ጭካኔ በሆነ ነበር። መሥዋዕትነትን ለራስ መምረጥ ይቻላል፤ በተራበ ሰው ላይ ግን ማዘዝ አይገባም። ሰውን የመምራት ኃላፊነት ያለበት ሁሉ ይህን ልዩነት ሊዘነጋው አይገባም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህም የከፋ ነው። ሥራን በጸጥታ መሥራት ግፍን በጸጥታ መቀበል እንዳይሆን ያሰጋልና። ቫቪሎቭ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1940 በገዛ አገሩ መንግሥት ታሠረ፤ በ1943 ሳራቶቭ እሥር ቤት ውስጥ ሞተ። የዓለምን ረኀብ ለመቀነስ ዕድሜውን የሰጠው ሳይንቲስት ራሱ በረኀብ በተዳከመ ሰውነት ነበር ያረፈው። በ1955 ከክሱ ነፃ መሆኑ ታወጀ፤ ለእርሱ ግን ዘግይቶ ነበር። ባልደረቦቹ የሰበሰበውን ዘር በመጠበቃቸው ሥራው ከእርሱ ጋር አልሞተም፤ ነገር ግን በእርሱ ላይ የተፈጸመው በደል በዘሩ መትረፍ አልተሰረዘም። ልብን ማሳረፍና ኅሊናን ማስተኛት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

እንግዲህ ሁለቱን በምን እንለያቸው? በአንድ ጥያቄ ይመስለኛል፤ የእኔ ዕረፍት የጎረቤቴን ጩኸት አለመስማትን ይጠይቃልን? ከጠየቀ ሽሽት ነው። ጎረቤቴ ሊደገፍበት የሚችል ነገር ከእጄ እንዲወጣ የሚያደርግ ከሆነ ግን የሚገባ ዕረፍት ነው። ተማሪዎቹ ስለ ጦርነት ሲጠይቁት እውነቱን ነግሯቸው ትምህርቱን በሰዓቱ የሚጀምር መምህር፣ የሐዘንተኛን ፊት ሳያሳምር የሚሥል ሠዓሊ፣ የባለጉዳይን አቤቱታ እስከ መጨረሻው የሚሰማ ኃላፊ፣ ሦስቱም የዓለምን እሳት አያጠፉም። ይሁን እንጂ በዚያ ቀን ወደ እነርሱ የመጣው ሰው ባዶ እጁን አይመለስም።

የዓለምን ጭንቀት ሁሉ መሸከም ለአንድ ትከሻ አይቻልም፤ ጨርሶ መጣልም ለሰው አይገባም። በእጃችን ያለው ዘር የትኛው እንደ ሆነ ማወቅ ግን ይቻለናል። ፊደል ሊሆን ይችላል፤ ዜማ ሊሆን ይችላል፤ የታመመ ጎረቤትን መጠየቅም ሊሆን ይችላል። እርሱን ዛሬ ማታ ሳይጎድል ማሳደር፣ ነገም ቆጥሮ መረከብ፣ በጭንቅ ዘመን ለሚኖር ሰው የሚበቃ ሥራ ነው።