ያላዩትን መመስከር

ዛሬ በአይቲ ሙያ ላይ ላላችሁት አንድ የአማና ጥያቄ ላንሳ።

ፍሪቢኤስዲ የተጫነበት ሰርቨር ሁለት ዲስክ አለው። በዜድኤፍኤስ ሚረር ተደርገዋል፤ የአንዱ መረጃ ሌላውም ላይ አለ። ኃላፊው "አንዱ ቢበላሽ ሰርቨሩ በሌላው ይነሳል?" ይላል። ባለሙያው ሁኔታቸውን ሲያይ ሁለቱም "ኦንላይን" ናቸው። "አዎ፣ ይነሳል" ብሎ መለሰ። ዋሸ እንዴ?

መዋሸት አላሰበም። ግን የመሰከረው ያላየውን ነው። ዜድኤፍኤስ የሚገለብጠው የራሱን ክፍል ብቻ ነው። ማሽኑን የሚያስነሳው ኮድ የሚቀመጠው በሌላ ትንሽ ክፍል ነው፤ ሁለተኛው ዲስክ ላይም ካልተጻፈ እዚያ የለም። መረጃው ሙሉ ሆኖ ማሽኑ ላይነሳ ይችላል። "ኢንሻአላህ ይነሳል" ማለትም (ብዙዎቻችን የምንወዳት መልስ ናት) ተወኩል አይደለም፤ ሰበቡን ገና አላደረስንም።

"የሚሠራ ሰርቨር ለጥርጣሬ ብዬ ላጥፋ?" የሚል ይኖራል። ስጋቱ እውነት ነው። ስለዚህ ባክአፕ ይያዝ፣ ለተጠቃሚዎች ይነገር፤ ከዚያ ሥራ በሌለበት ሰዓት አጥፍቶ፣ የመጀመሪያውን ዲስክ ነቅሎ፣ በሁለተኛው ማስነሳት ነው። ይህ ካልተፈቀደለት መልሱ "ግልባጭ አለ፤ በሱ መነሳቱን ግን አልሞከርኩም" ነው፤ የኃላፊው ፊት ቢጠቁርም።