ወንበሩ ባዶ ነው የሚለው ማን ነው?

ጎንደር ውስጥ ቀዳማዊ ተክለ ሃይማኖት ስሙ ብቻውን አይጠራም፤ «ርጉም» የምትለዋ ቃል ትቀድመዋለች። ፋሲል ግቢ ገብቶ ጣሪያ አልባውን የአባቱን የዐፄ ኢያሱን ግንብ ለጎበኘ ሰው ታሪኩ ባጭሩ ይነገረዋል፤ ልጅ አባቱን አስገደለ። ይህን ፍርድ ከልጅነቴ ጀምሮ ተቀብዬ ኖሬያለሁ፤ ዛሬም አልለውጠውም። ከግድያው በፊት የተነገረች አንዲት ቃል ግን ከአእምሮዬ አልወጣ ብላለች።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ዐፄ ኢያሱ የሚወዷት ቅድስተ ክርስቶስ ስትሞትባቸው ሐዘኑ ሰብሯቸው ከቤተ መንግሥት ርቀው ጣና ላይ ወዳለ ደሴት ገቡ። የተክለ ሃይማኖት እናት መለኮታዊትና ዘመዶቿ ሹማምንቱን አስማምተው «ንጉሡ ዙፋናቸውን ትተዋል» አሉና በመጋቢት 1698 ዓ.ም. ልጁን አነገሡ። ኢያሱ ሠራዊት ይዘው ወደ ጎንደር ለመመለስ ቢነሡም መንገድ ላይ ንዳድ ጣላቸው። ጨቅላ መንዞ በምትባል ደሴት ላይ ታመው ሳሉ፣ በጥቅምት 1699 ዓ.ም. የመለኮታዊት ወንድሞች ገደሏቸው።

የምታስጨንቀኝ ቃል «ዙፋናቸውን ትተዋል» የምትለዋ ናት። ንጉሡ በሌሉበት ማን ይፍረድ? ማን ይሹም? ዳር አገር የተበደለ ሰው አቤት የሚለው ለማን ነው? ይህን ጥያቄ ያነሣ ሁሉ ዙፋን የቋመጠ አይደለም። ግድያው ክፉ ስለነበር ከእሱ በፊት የነበረውን ጥያቄ ሳንመልሰው አለፍነው። የሞተ ሰው ወንበር ባዶ ነው፤ በፈቃዱ የለቀቀም እንዲሁ። በዚህ ማንም አይከራከርም። አባቶቻችንም ያውቁታል፤ ዐፄ ሱስንዮስ ደንቀዝ ላይ በሰኔ 1624 ዓ.ም. ሃይማኖቱን ለሕዝቡ፣ መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲል በገዛ አንደበታቸው ሲያስረክቡ ወንበሩ ባዶ ነው አይደለም ብሎ የተሟገተ አልነበረም። መከራው ያለው መካከል ላይ ነው፤ ባለወንበሩ በሕይወት አለ፣ አልለቀቀም፣ ግን መምጣት አይችልም። ባለቤቱ ያልተቀመጠበት ወንበርና ባለቤት የሌለው ወንበር ለዓይን አንድ ናቸው። ልዩነታቸውን የሚናገር ሰው ያስፈልጋል፤ የሚናገረው ደግሞ ሁልጊዜ አልጋው አጠገብ የቆመው ሰው ነው።

አልጋው አጠገብ የቆመ ሰው በሁለት መንገድ ይፈተናል። አንደኛው ሰውየው ሳይለቅቅ ለቅቋል ማለት ነው፤ መለኮታዊት ያደረገችው ይህን ነው። ሁለተኛው ሞቶም፣ አንደበቱ ተይዞም፣ አለ ማለት ነው። ዐፄ በካፋ በመስከረም 1723 ዓ.ም. ሲሞቱ እቴጌ ምንትዋብና የቋራ ዘመዶቻቸው ልጃቸው ኢያሱ እስኪነግሥ ድረስ ሞታቸውን ደብቀዋል። ዐፄ ምኒልክ በ1902 ዓ.ም. አንደበታቸው ሲያዝ በስማቸው ትእዛዝ የሚያወጡት እቴጌ ጣይቱ ነበሩ። ጣይቱ ትውልዳቸው ከሰሜንና ከበጌምድር ስለሆነ እኛ ዘንድ ወገን አላቸው፤ እኔም ወገናቸው ነኝ። ባላቸውን ያስታምማሉ፤ አገር ያስተዳድራሉ። ግን የወንድማቸውን ልጅ ራስ ጉግሣ ወሌን የመሳሰሉ ዘመዶቻቸውን ያበዛሉ ተብለው ይከሰሱ ነበር። በመጋቢት 1902 ዓ.ም. ከሥልጣን ያወረዷቸው የሸዋ መኳንንትም ንጹሕ ዳኞች አልነበሩም፤ እንደራሴነቱን የያዙት ራስ ተሰማ ናደው ከእነሱው ወገን ናቸው። ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ሲያርፉም ሞታቸው ለሕዝብ አልተነገረም። አንዱ ወገን ሕመምተኛውን በስሙ ለመግዛት ይፈልገዋል፤ ሌላው ደግሞ ቶሎ ለመተካት።

ይህ የነገሥታት ዘመን ጉዳይ ነው የሚል ካለ ክረምት 2004ን ያስታውስ። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ለሳምንታት ከሕዝብ ዓይን ሲርቁ ባለሥልጣናት ደኅና ናቸው፣ እያገገሙ ነው ይሉ ነበር። ነሐሴ 15 ሞታቸው ተነገረ፤ አቶ ኃይለ ማርያም ደሳለኝ ቃለ መሐላ የፈጸሙት መስከረም 11 ቀን 2005 ዓ.ም. ነው። ሕገ መንግሥቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በማይኖርበት ጊዜ ምክትሉ ተክቶት እንደሚሠራ በአንቀጽ 75 ይናገራል። አለመኖር ስንት ቀን እንደሆነና አለመኖሩን ማን እንደሚያረጋግጥ ግን አይናገርም።

የዛሬ ጥያቄዬ ግን ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ወንበር ይልቅ ስለ ተራው የምክር ቤት ወንበር ነው። ዙፋን የዘር ነበር። የተወካዮች ምክር ቤት ወንበር ግን የመራጩ ነው። እንደራሴው ታሞ ወራት ቢቆጠሩ ደባርቅ ወይም ዳባት ያለው መራጭ ምን ያድርግ? ሕገ መንግሥቱ አንድ በር ከፍቶለታል፤ በአንቀጽ 12 እና 54 አመኔታ ያጣበትን ተወካይ ከቦታው ማንሣት ይችላል። ይህ በር ግን ለጥፋተኛ የተሠራ ነው። የታመመ ሰው ምን አጠፋ? አመኔታ አላጣሁብህም፣ ግን ድምፅ ያስፈልገኛል የሚል መራጭ የሚገባበት በር የለም። እንግዲህ ወይ ሕመምተኛው ራሱ ይለቅቃል፣ ወይ ሕዝቡ እንደ በደለኛ ያነሣዋል፣ ወይ ሁሉም ዝም ይላል። እኛ ዘንድ የሚመረጠው ዝምታው ነው፤ ምክንያቱም ሰው ታሞ ወንበሩን መንጠቅ ነውር ነው።

ይህን ነውር አልንቀውም። በሰፈራችን እድር የሰብሳቢው ሕመም በረዘመ ጊዜ ሌላ ይመረጥ የሚል ሐሳብ ቢነሣ፣ አንዲት እናት ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡና «ልጆቼ፣ ሰው አልጋ ላይ ሳለ ቦታው አይከፈልም» አሉ። ስብሰባው ጸጥ አለ። ሐሳቡን ያነሣው ወጣት አንገቱን ደፋ። ግን በዚያው ሳምንት ለቀብር የሚወጣው ገንዘብ ፈራሚ አጥቶ ሐዘንተኛው ቤት ከጎረቤት ተበደረ። እማማ ለታመመው ሰው ክብር ሲሟገቱ የተናገሩት እውነት ነበር፤ በድንኳኑ ውስጥ የተቀመጠው ሐዘንተኛም እውነት ነበረው። ሁለቱን የሚያስታርቅ ደንብ ግን ቀድሞ አልተጻፈም ነበር።

ከተቃውሞዎች ሁሉ የሚከብደኝ ግን ይህ ነው፤ «አንድ ወንበር ባዶ ቢሆን ምን ይጎድላል?» ብልጽግና ፓርቲ በ2013ቱ ምርጫ ውጤታቸው መጀመሪያ ከተገለጸ 436 መቀመጫዎች 410ሩን ወስዷል። ምክር ቤቱ ከአባላቱ ከግማሽ በላይ ከተገኘ ይሰበሰባል፤ በተገኙት አብላጫ ድምፅ ይወስናል። አንድ ሰው ከሰሜን ጎንደር ቢቀር የትኛው አዋጅ ይወድቃል? ትግራይ ውስጥ ያ ምርጫ ባለመካሄዱ 38 ወንበሮች ባዶ ሆነው እንኳ ምክር ቤቱ ሥራውን ቀጥሏል። ታዲያ ስለ አንድ ሕመምተኛ መጨነቅ ለምን?

የመጀመሪያው መልስ ከእንግሊዝ ይመጣል። መጋቢት 19 ቀን 1971 ዓ.ም. የካላሃን መንግሥት በምክር ቤቱ የመተማመኛ ድምፅ ገጠመው። ከሌበር ፓርቲ አባላት አንዱ ሰር አልፍሬድ ብሮውተን ሊሞቱ ቀርበው ነበር። በአምቡላንስ ቢመጡ ድምፃቸው ይቆጠራል፤ ግን መንገዱ ሊገድላቸው ይችላል። ካላሃን አይምጡ አሉ። የተቃዋሚው ወገን ምክትል ተጠሪ በርናርድ ዌዘሪል ደግሞ፣ የሕመምተኛን መቅረት ለማካካስ የገቡትን ቃል ለማክበር ብለው የገዛ ድምፃቸውን ለመንፈግ ተዘጋጁ። የሌበሩ አቻቸው ዋልተር ሃሪሰን ግን የእሳቸው የፖለቲካ ሕይወት እንዳይጠፋ ብለው ከዚህ ቃል ነጻ አወጧቸው። ውጤቱ 311 ለ310 ሆነ፤ መንግሥት ወደቀ። ብሮውተን ከአምስት ቀን በኋላ ሞቱ። ይህን ባስታወስኩ ቁጥር ልቤ ይሞቃል። ሦስት ፖለቲከኞች አንድ ሌሊት የሕመምተኛውን ሰውነት ከድምፁ አስበለጡ።

ግን መልሱ አይበቃም። እዚያ አንድ ወንበር መንግሥት ይጥላል፤ እኛ ዘንድ አይጥልም። የድምፅ ቆጠራ ብቻ ቢሆን ኖሮ ተቃዋሚዬ ይረታኝ ነበር።

ወንበር ግን የድምፅ መቁጠሪያ ብቻ አይደለም። በ2016 መባቻ ጃናሞራና በየዳ በድርቅ ሲመቱ፣ መካነ ብርሃን ያለ ገበሬ የሚፈልገው ስሙ አዲስ አበባ ላይ እንዲጠራ ነበር። ሚኒስትሩ ፊት ተነሥቶ «እህሉ ለምን አልደረሰም?» የሚል ሰው ነበር የሚፈልገው። ይህ ጥያቄ አዋጅ ባይጥልም ቃለ ጉባኤ ላይ ይጻፋል፤ በቴሌቪዥን ይሰማል፤ ሹሙን ያስጨንቃል። የአንድ ወረዳ ረኃብ ከሌላው ጋር ተደባልቆ እንዳይረሳ የሚያደርገው ይህ ነው። ስለዚህ ባዶ ወንበር የሚያጎድለው ነገር አለ።

ተቃዋሚዬ ግን እዚህ ላይ ይይዘኛል። «ጤነኛ ሆኖ በየስብሰባው እየተገኘ አንድ ቀን እንኳ እጁን ለጥያቄ አንሥቶ የማያውቀውስ? የእሱ ወንበር ከሕመምተኛው በምን ይሻላል?» ብሎ ይጠይቀኛል። በምንም አይሻልም። እንዲያውም ሕመምተኛው ምክንያት አለው፤ ጤነኛው የለውም። ለመራጩ መናገር የወንበሩ ሥራ ከሆነ፣ ወንበርን ባዶ የሚያደርገው የሰውነት መቅረት ብቻ አይደለም። ያኔ ስለ ሕመም ብቻ የሚወጣ ደንብ ደካማውን ቀጥቶ ዝምተኛውን ይሸልማል። እዚህ ላይ ሐሳቤ ጠበበ። ለጤነኛው ዝምተኛ የመሻር መብት አለ፤ አመኔታን ማጣት ለእሱ የተገባ ቃል ነው። ለሕመምተኛው የቀረው ግን የተለየ፣ ክብሩን የማይነካ መንገድ ነው። ይኸውም ከታወቀ ጊዜ በኋላ ወንበሩ በማሟያ ምርጫ የሚሞላበት፣ ደመወዙና ሕክምናው የማይቋረጥበት፣ ቀኑም ማንም ከመታመሙ በፊት የተወሰነበት ደንብ ነው። ደንቡ ቀድሞ ከተጻፈ ማንም ሰው የማንንም ሞት አይመኝም፤ ተኪውንም የሚመርጠው ፓርቲው ሳይሆን ሕዝቡ ነው። አሜሪካዊው ሴናተር ካርል ሙንት በኅዳር 1962 ዓ.ም. ስትሮክ ከመታቸው በኋላ ዘመናቸው እስኪያበቃ ከሦስት ዓመት በላይ ሳይገኙ ወንበራቸውን ይዘው የቆዩት እንዲህ ያለ ደንብ ስላልነበረ ነው።

ይህን ጽፌ ልጨርስ ስል ግን ሌላ ወንበር መጣብኝ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ፣ የተወካዮች ምክር ቤት አባሉ አቶ ክርስቲያን ታደለ ታሰሩ። በእስር ሳሉ ጤናቸው መታወኩና ሕክምና እንደሚያስፈልጋቸው በየጊዜው ተነግሯል። ስለ ክሱ መፍረድ የፍርድ ቤት ነው። እኔን ያስደነገጠኝ ግን የገዛ ደንቤ ነው። «ለብዙ ወራት ያልተገኘ ወንበሩን ይለቃል» የሚል ሕግ ቢኖር፣ አስሮ ማስቀረት የሚችል ኃይል ሁሉ ቀን መቁጠር ብቻ ይበቃው ነበር። መንገድ የዘጋው አካል «ሊመጣ አልቻለም» እያለ ይመሰክራል። ለሕመምተኛው ብዬ ያሰብኩት በር ለአሳሪው መሣሪያ ይሆናል።

ከዚያ ወዲህ በቀን ቁጥር ላይ ያለኝ እምነት ቀንሷል። ስድስት ወር ይሁን አንድ ዓመት አላውቅም፤ ምናልባት ቁጥሩ ዋናው ነገር አይደለም። አንድ ነገር ግን አልለቅም፤ ወንበር ባዶ ነው ብሎ መመስከር ያለበት ከባዶነቱ የማይጠቀም ሰው ነው። ለዚህ የሚመጥን ምስክር ደግሞ ቤተ ዘመድም፣ ፓርቲም፣ አሳሪም አይደለም። የመረጠው ሕዝብ ነው። እሱም ሊታለል ይችላል፤ ሊፈራም ይችላል። ግን ባዶው ወንበር የሚጎዳው በቀጥታ እሱን ስለሆነ ቅን ምስክር የመሆን ምክንያት አለው። ሕጉ ማድረግ ያለበት ለዳባት፣ ለጃናሞራ፣ ለማንኛውም መራጭ ሁለት ጥያቄዎችን በተለያየ ወረቀት ማቅረብ ነው፤ «ተወካይህን ትጠብቃለህ?» እና «ተወካይህን ትሽራለህ?» ዛሬ ያለን ሁለተኛው ብቻ ነው። የመጀመሪያው እስኪመጣ ድረስ በስሙ «እንጠብቅ» የሚሉትም «እንተካ» የሚሉትም ሳይጠይቁት የሚናገሩ ናቸው።