የሚችልበትና የሚኖርበት

ጽድ የት ሊኖር እንደሚችል መጠየቅና የት እንደሚኖር መጠየቅ ለየቅል ናቸው። እኔ የምተዳደረው በመጀመሪያው ነው። ዛፉ የተገኘባቸውን ቦታዎች በጂፒኤስ እመዘግባለሁ፣ የየቦታውን ሙቀትና ዝናብ አያይዛለሁ፤ ማክሰንት የተባለው ፕሮግራም ደግሞ የነጥቦቹን የአየር ጠባይ ከአካባቢው ሁሉ ጋር አነጻጽሮ፣ ማንም ጽድ ቆሞ ባላየበት መሬት ላይ ሳይቀር የሚስማማውንና የማይስማማውን በቀለም ይለይልኛል። የ2070 እ.ኤ.አ. የአየር ንብረት ትንበያ ከሰጠሁት የዚያን ዓመት ካርታ ያወጣል።

የደቡብ ጎንደር ነጥቦቼ ግን አብዛኞቹ የሚያርፉት ደብር ቅጥር ውስጥ ነው። ከዚያ ውጭ እርሻና ግጦሽ ነው፤ አለፍ አለፍ ብሎ ባሕር ዛፍ። ወይራውም ዝግባውም ጥቁር እንጨቱም ታቦት ተጠግቶ ቀርቷል። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና ባልደረቦቻቸው በዚሁ ዞን 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንተው 168 እንጨታማ የዕፅዋት ዝርያዎች መዝግበዋል፤ 160ዎቹ አገር በቀል ናቸው። አንድ አገር ሙሉ ደን በግንብና በግዝት ውስጥ ተጠልሎ ይኖራል ማለት ነው።

ታዲያ ሞዴሉን ስለ ጽድ ስጠይቀው የሚመልስልኝ አባቶች ደብር የተከሉበትን ኮረብታ የአየር ጠባይ ነው። ኮረብታውን የመረጡት ሰዎች ናቸው፤ ሞዴሉ ግን የጽዱ ምርጫ አድርጎ ይወስደዋል። ከምንጠቀምባቸው 19 የአየር ንብረት መለኪያዎች አንዱም እዚህ መጥረቢያ እንደማይገባ አይናገርም። በብዛት በሚሠራበት የአየር ንብረት መረጃ አንዱ ካሬ ከ80 ሄክታር በላይ ይሸፍናል፤ ጥቂት ሄክታር ያለው ደብር ከነደኑ፣ ከነመቃብሩ፣ ከነጠበሉ እዚያ ውስጥ ይዋጣል።

ባልደረቦቼ ይህን የናሙና መዛባት ይሉታል፤ ማስተካከያ ዘዴም አለው፣ እኔም እጠቀምበታለሁ። ግን የማርመው ነገር እውነት መሆኑን አልረሳም። ሀቺንሰን የተባለው የዬል ዩኒቨርሲቲ ሊቅ በ1957 እ.ኤ.አ. አንድ ፍጡር በተፈጥሮው ሊኖርበት የሚችለውን ሁኔታ ሁሉ፣ ተቀናቃኝ ባለበት ዓለም በእርግጥ ከሚይዘው ለይቶ አስቀምጧል። የመጀመሪያው ሰፊ ነው፣ ሁለተኛው ጠባብ። እርሱ ያሰበው በይበልጥ ስለ ሌሎች ፍጥረታት ሽሚያ ነበር። በእኛ ደጋ ተቀናቃኙ ማረሻና መጥረቢያ ነው፤ የጽዱን ጠባብ ድርሻ ያተረፈለት ደግሞ ዝናብ ሳይሆን ፈሪሃ እግዚአብሔር ነው።

አንድ ገበዝ ካርታውን በላፕቶፔ ላይ ብዙ ካዩ በኋላ፣ “ልጄ፣ እንግዲህ ነገን አንቺ ልታውቂው ነው?” አሉኝ። ሲገሥጹኝ አልነበረም፤ ማወቅ ፈልገው ነው። “አይደለም አባ፤ ሙቀቱ ይህን ያህል ከጨመረ እዚህ ይስማማዋል፣ ካልጨመረ እዚያ ነው የምለው” አልኳቸው። ጥቂት አሰቡና፣ “ከጨመረ ያልሽውን የሚጨምረው ማን ነው?” አሉ።

ስለ ሥራዬ ከዚህ የጠለቀ ጥያቄ ሰምቼ አላውቅም። ትንበያ ከትንቢት የሚለየው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ቡናን ለምሳሌ ልውሰድ። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት በ2080 እ.ኤ.አ. ለዱር ቡና የሚመቹት ነባር ቦታዎች በቀናው ትንበያ 65 በመቶ ገደማ እንደሚቀንሱ፣ በከፋው ግን የሚተርፍ የለም ለማለት እንደሚያስደርስ አሳየ። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ምንም ካልተደረገ በኢትዮጵያ አሁን ቡና ከሚለማበት መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶው ላይመች እንደሚችል ካስላ በኋላ፣ እርሻው ወደሚስማማው ከፍታ ቢዛወርና ደኑ ቢጠበቅ ወይም ቢመለስ ምቹው መሬት ቢያንስ አራት እጥፍ ሊሆን እንደሚችል ጨመረ። ዛፉ ያው ነው። በሁለቱ ዕጣዎች መካከል የቆመው የሰው እጅ ነው።

እግዚአብሔር ለፍጡር ሁሉ ማደሪያ እንደሰጠ አምናለሁ፤ 103ኛውን መዝሙር ዳዊት የደገመ ሁሉ ያውቀዋል። ነገር ግን ማደሪያው ሲሰጥ ጠባቂም አብሮ ተሰጥቷል፣ የአዳም የመጀመሪያ ሥራም ይኸው ነበር። ስለዚህ ጽድ ሊኖርበት እየቻለ የማይኖርበትን ያን ሁሉ ቀለም የተቀባ መሬት እንደ ባዶ ቦታ ማየት አልችልም። የተቆረጠ ነው፣ ወይም እንዳይበቅል የተከለከለ። ለእኔ ዕዳ ነው።

ዕዳው ደግሞ የሚከፈልበት መንገድ ይታወቃል። ከብት በማይደርስበት አጥር ውስጥ ቡቃያው ይበልጥ እንደሚተርፍ እዚያው ደቡብ ጎንደር ተጠንቷል፤ በተለያዩ ደብሮችም ሕዝቡ ከማሳው ድንጋይ እየለቀመ ግንብ ገንብቷል። ገበዙም የጠየቁኝ ይህንኑ ነበር፦ ግንቡን አርባ ክንድ ብናሰፋው በየት በኩል ይሻላል? ካርታዬ ለእንዲህ ያለ ነገር አይበቃም፣ ካሬው ሰፊ ነው። ስለዚህ ላፕቶፑን ዘግቼ አብረን ዞርን። በስተምሥራቅ ከግንቡ ውጭ፣ ከብቶች የጋጧቸው የጽድ ችግኞች ከሣሩ እኩል ሆነው ቆመዋል፤ ሥራቸው ግን ሕያው ነው። “እዚህ ነው” አልኳቸው። ከችግኞቹ አለፍ ብሎ የገብስ ማሳ ነበር። ባለቤቱን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንደሚያነጋግሩት ነገሩኝ።